«በራሱ በልቷል»

«ይግፉ ጋሽ ሙህዲን! ትንሽ ነው የቀረው፣ ይግፉ!» አለች ፊዚዮቴራፒስቷ እህተማርያም።

ኮምፒዩተሩ ላይ ያለችው ጀልባ ንቅንቅ አላለችም። የሙንተሃ አባት ቀኝ ክንድ በስፖንጅ የተሸፈነ መደገፊያ ላይ ታስሯል። መደገፊያው በሐዲድ ላይ ይንሸራተታል፤ ክንዱ ወደ ፊት ሲገፋ ጀልባዋ ከሐይቁ መሃል ወደ ዳር ትመጣለች። ባለፈው ወር መጥታ ነበር። ዛሬ ግን የአባቷ ግንባር በላብ ራሰ እንጂ ጀልባዋ እዚያው ናት።

«በቃ» አለ። ስትሮክ ከመታው ወዲህ ቃላቱ ይጎተታሉ። «ሞቷል ብያችኋለሁ። የሞተ እጅ አይገፋም።»

ሮቦት ሲባል ሙንተሃ ጭንቅላትና ዓይን ያለው ነገር ጠብቃ ነበር። ያገኘችው የምህንድስና ተማሪዎች ከመኪና ዝናብ መጥረጊያ ሞተር የሠሩት፣ ሽቦው በፕላስተር የተጠቀለለ ጠረጴዛ ነው። አባቷም በመጀመሪያው ቀን «ይሄ ነው ሮቦቱ? የኔ የስፌት መኪና ይሻላል» ብሎ ሁሉንም አስቆ ነበር። ያን ቀን ጀልባዋ ዳር ስትደርስ ግን ራሱ እንደ ልጅ ሳቀ። ሲመለሱም ለባጃጁ ሹፌር «ዛሬ ጀልባ ነድቼ መጣሁ» አለው። «ያለ መንጃ ፈቃድ?» ብሎ መለሰለት ሹፌሩ፤ እስከ ፒያሳ ሲሳሳቁ ሄዱ።

«ፋዘር ዛሬ ምን ነካቸው?» አለ ብሩክ፣ ማሽኑን ከሠሩት ተማሪዎች አንዱ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የማሽኑን እገዛ ከስልሳ በመቶ ወደ ሠላሳ ነው ያወረድኩት። በራሱ ለሚበላ ሰው ሠላሳ አይከብድም።»

እህተማርያም ሙንተሃ ከቤት ያመጣችውን ፎርም አገላበጠች። «ሁሉም ቀን ራይት ነው። ሙንተሃ አንድ ቀን አልዘለለችም።»

ሙንተሃ ጫማዋን አየች።

ማሽኑ ብቻውን አይገፋም። ክንዱ እስኪጀምር ይጠብቅና የጎደለውን ይጨምርለታል። ምን ያህል እንደሚጨምር የሚወስኑት ደግሞ በየሳምንቱ ያንን ፎርም አይተው ነው። «ምሳውን በቀኝ እጁ በራሱ በልቷል» ይላል፤ ከጎኑ ለየሳምንቱ ሰባት ሣጥኖች አሉ። እህተማርያም ፎርሙን ስትሰጣት «አንድ ሰዓትም ይፍጅ፣ እንዳታጎርሺው» ብላ ነበር።

በእርግጥም አንድ ሰዓት ፈጀ፤ የመጀመሪያው ቀን ብቻ። ግማሹ ጎመን ሸሚዙ ላይ፣ ግማሹ ምንጣፉ ላይ ቀረ። በግራህ ብላ ቢባል «በግራ የሚበላ ሸይጣን ነው» ይላል። እናቷ አስማ የጨርቅ ሱቁን ይዛ እስከ ማታ አትመለስም። የአስረኛ ክፍል ፈተና ደርሷል፤ ኬሚስትሪው ገና አልተነካም። በሁለተኛው ቀን ሙንተሃ አጎረሰችው። አሥር ደቂቃ። ከዚያ ሣጥኑ ውስጥ ራይት አደረገች። ጎረቤቶችም ሲያዩ «አባቷን የምታጎርስ ልጅ፣ አላህ ይባርክሽ» እያሉ መረቋት።

«ጋሽ ሙህዲን» አለች እህተማርያም፣ «እስከ ዓርብ እንሞክር። ለውጥ ከሌለ ግን... ተራ የሚጠብቁ ሌሎች በሽተኞች አሉ።»

«ለእነሱ ስጡት» አለ። ማሰሪያውን በግራ እጁ መፍታት ጀመረ። ሙንተሃ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ብሩክ እያያት ነበር። ዘጋችው።

በባጃጅ ተመለሱ። መሃል ከተማ ሱቃቸው ጋ ሲደርሱ አባቷ ወደ ውጭ እያየ «ለእናትሽ ንገሪያት» አለ፣ «መቀሴን ለሰው ትስጠው።»

ጨርቅ የሚቆርጥበትን ያንን መቀስ ከእሱ ሌላ ሰው ነክቶት አያውቅም። ሱቅ ውስጥ ሙንተሃ ወረቀት ልትቆርጥበት አንስታው አንድ ጊዜ ተቆጥቷታል። ከስትሮኩ በኋላም ትራሱ ሥር አስቀምጦት ነበር።

ቤት ደረሱ። ሙንተሃ እጁን አስታጠበችው፤ ቆጮውን ቆራርሳ ከጎመንና ከአይብ ጋር አቀረበች። ጠቀለለች። እሱም እንደለመደው አፉን ከፈተ።

ጉርሻው አየር ላይ ቆመ። ከዚያ ወደ ሳህኑ ተመለሰ።

«አባዬ፣ ፎርሙን በውሸት ነው የሞላሁት።»

አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

«በራሱ በልቷል እያልኩ ራይት አደርጋለሁ። እነሱ ደግሞ ራይቱን አይተው የማሽኑን እገዛ ቀነሱት። ለዚያ ነው ዛሬ የከበደህ።»

ይጮኽብኛል ብላ ጠበቀች። እሱ ግን ጭኑ ላይ የተኛውን እጁን አየው። ብዙ አየው።

«እና» አለ በመጨረሻ፣ «አልሞተም?»

«አላውቅም።» በውሸት ላይ ውሸት መጨመር አልፈለገችም። «ግን ገና አልሞከርነውም።»

«ለምን እንዲህ አደረግሽ?»

«ትቆያለህ! አንድ ሰዓት ትፈጃለህ፤ እኔ ደግሞ ፈተና አለብኝ።» ቃሉ ካፏ ከወጣ በኋላ ደነገጠች፤ ግን እውነቱ እሱ ነበር።

አባቷ በአፍንጫው ተነፈሰ፤ ሳቅ ይሁን ቁጣ አልለየችውም። «አላህ ይይልሽ» አለ። «እኔም ብሆን ጉርሻው ተመችቶኝ ነበር።»

ቀኝ እጁን በግራው አንስቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ግራውን ከላዩ አነሳ።

ሙንተሃ እህተማርያም የመለሰችላትን ፎርም ከቦርሳዋ አወጣች። ራይቶቹ በእስክሪብቶ ስለተጻፉ አይጠፉም። ከሁለተኛው ቀን ጀምራ አንድ በአንድ ሰረዘቻቸው፤ ዓርብ ለእህተማርያም እንዲህ እንደተሰረዘ ትሰጣታለች። የዛሬውን ሣጥን ባዶ ተወችው።

ጣቶቹ ወደ ሳህኑ መሳብ ጀመሩ። ትንሽ ሄደው ቆሙ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ሰባት ከሃያ አምስት ይላል። የኬሚስትሪ ደብተሯ አልጋው ላይ ነው።

ጣቶቹ እንደገና ተነሱ፤ የሳህኑን ጠርዝ ነኩ፤ ተንሸራተቱ። ጎመኑ ቀዝቅዟል። እጆቿ ሳታዝዛቸው ወደ ሳህኑ ሲዘረጉ አየቻቸው።

ሰበሰበቻቸው። ጭኖቿ ሥር ከተተችና ተቀመጠችባቸው።