ለወረቀት አላገባህም

ጃጎን ያገኘሁት እንግሊዝ አገር፣ ኮርንዎል ውስጥ፣ በእናቱ በሎዌና የአበባ እርሻ ላይ ነው። እኔ ከቡልጋሪያ የመጣሁ ለቃሚ ነበርኩ፤ እሱ ሳጥን ይጭናል። እዚያ ቢጫው አበባ የሚለቀመው ሳይፈካ፣ በእንቡጡ ነው። ከፈካ የሚገዛው የለም።

ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ስትወጣ፣ እንደ እኔ ከኅብረቱ አገሮች የመጡ ነባር ሠራተኞች እስከ ቀነ ገደቡ አዲስ ፈቃድ እንዲጠይቁ ተነገረ። እኔ የቋሚ ነዋሪነት ካርድ ስለነበረኝ አልጠየቅኩም። ቋሚ ይላልና አመንኩት። ካርዱ ዋጋ እንደሌለው የተረዳሁት ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው።

ሎዌና ብታሠራኝ መንግሥት ይቀጣታል። እናቴን ለማየት ብወጣ መመለስ የለም። በተከራየሁት ክፍል መስኮት ላይ ተቀምጬ እውላለሁ። ለቃሚ ጠፍቶ እርሻው ከዳር እስከ ዳር ፈካ። መንገደኞች መኪና እያቆሙ ፎቶ ያነሳሉ፤ ሎዌና መጋረጃዋን ዘጋች።

አንድ ከሰዓት ጃጎ መጣና እንጋባ አለኝ።

«መቼ አሰብከው?»

«ለቀማ ላይ ተናደሽ ሳጥን የወረወርሽብኝ ቀን።»

«ታዲያ ለምን ዛሬ ጠየቅከኝ?»

ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ ውስጥ ያለው ፍቅር ይሁን ሐዘኔታ መለየት አቃተኝ።

«ለወረቀት አላገባህም፣ ጃጎ። አንድ ቀን ስንጣላ ‹ባላገባሽ ኖሮ› ትለኛለህ።»

«እኔ እንዲህ እላለሁ?»

«አትልም። እኔ ግን በየቀኑ እጠብቀዋለሁ።»

አገሬ ገባሁ። ካዛንላክ ከተማ አጠገብ ባለው መንደራችን ከእናቴ ጋር ለሽቶ ዘይት የሚሆን የፈካ ጽጌረዳ መልቀም ጀመርኩ። በግንቦት ወር፣ አንድ ቀን ማለዳ ጃጎ ሻንጣ አንጠልጥሎ እርሻው መሃል ቆመ። እርሻቸው ተሸጧል፤ ሎዌና እህቷ ቤት ገብታለች። ብዙም ሳያወራ ሽርጥ ታጥቆ ለቀማ ገባ፤ የፈካውን እየዘለለ እንቡጡን ብቻ ይቀጥፍ ጀመር። እናቴ ከረጢቱን አየችና «ይሄ ሰውዬ ገና ያልተወለደውን ነው እንዴ የሚለቅመው?» አለች። ለቃሚዎቹ ሴቶች በሳቅ ፈረሱ። እኔም ስቄ ስቄ እንባዬ መጣ።

እንግሊዛዊ ግን እኛ ዘንድ በእንግድነት የሚቆየው ሦስት ወር ብቻ ነው። ጊዜው እያለቀ ሲሄድ ጃጎ ከቤት መውጣት ተወ። መስኮት ላይ ተቀምጦ ይውላል። ሳየው የኮርንዎሉ መስኮቴ ትዝ ይለኛል።

«ልጠይቅሽ ነበር» አለኝ በመጨረሻ፤ «አሁን ግን ወረቀት የቸገረው እኔ ነኝ። አፈርኩ።»

«ስንጣላ ‹ባላገባህ ኖሮ› ብልህስ?»

«ትያለሽ። ምላስሽን አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ?»

«እየሰማሁሽ እኖራለኋ።»

በማግስቱ ማዘጋጃ ቤት ሄድን። ጸሐፊዋ እሱን ከላይ እስከ ታች አይታ፣ ጋብቻው ለመኖሪያ ፈቃድ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ጃጎ ቋንቋውን ባይሰማም ጥያቄው ገብቶት ፊቱ ቀላ።

እጁን ያዝኩት።

«ለወረቀቱም ጭምር» አልኳት።