አንጀቱ የወጣ ቴፕ

ውሸት ቢሆንማ እንዴት ደስ ባለኝ። ግን ሆኗል... በገዛ ፀጉር ቤቴ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ልክ አራት ሰዓት ላይ።

ብቻ ስትጨርሱ አትስደቡኝ። ራሴን የሰደብኩት ይበቃኛል።

የሟቹ አጎቴ ቴፕ ነው። የዱሮ፣ ትልቅ። ፊቱ ብርማ፣ ጎንና ጎኑ እንጨት፣ ቁልፎቹ ሲነኳቸው ቀዝቀዝ የሚሉ... ፊቱ ላይ ሁለት የመስታወት መስኮቶች አሉት። ውስጣቸው ማር የመሰለ ብርሃን ይበራል፤ ድምፅ ሲኖር ቀጫጭን መርፌዎች ከፍ ዝቅ ይላሉ።

ሳየው ልቤ ይጠፋል።

የአጎቴ ሚስት ለሕክምና ሌላ ከተማ ሲሄዱ እኔ ጋ አስቀመጡት። ውስጡ አንድ ካሴት አለ። አጎቴ ሊሞት ሰሞን ለእሳቸው ብሎ የቀዳው ነው።

"አደራ፣ ልጄ" አሉኝ። "ከእሱ የቀረኝ ይሄ ድምፅ ብቻ ነው።"

እኔ ምን አደረግኩ?

መደርደሪያዬ ክብደቱን አልችል አለ። ኤሌክትሪሺያን ጠርቼ አንጀቱን አስወጣሁት። ፊቱና መብራቱ ብቻ ይቅርልኝ፣ ለዓይን ነው የምፈልገው አልኩት። ሰውዬው የካሴቱ በር ተቀርቅሯል፣ በቀስታ ልፍታው ብሎኝ ነበር። ደንበኛ ተደርድሮ እየጠበቀኝ ነው...

"ከነካሴቱ ጣለው" አልኩት።

እውነቱን ልንገራችሁ... እትዬ በሕይወት ይመለሳሉ ብዬ አላሰብኩም።

ከዚያማ ደንበኛው ሁሉ ከጎኑ ፎቶ ይነሳል፤ እኔም የአጎቴ ቅርስ ነው እያልኩ ደረቴን እነፋለሁ። አደራ በላ ማለት እኔ ነኝ።

ያን ማክሰኞ እትዬ ድነው መጡ። እየመጣሁ ነው ብለው ሲደውሉ የቴፑን ሶኬት ነቀልኩ። ገብተው ደንበኛ ወንበር ላይ፣ ከቴፑ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ከሁለታችን በቀር ማንም የለም።

መብራት ጠፍቷል ብዬ ዋሸኋቸው።

መስኮቶቹ በሩ።

ገመዱን አየሁት... መሬት ላይ ተጋድሟል።

ከዚያ መርፌዎቹ ተነሱ። ዘፈን እንደሚጫወት አይደለም። ከፍ ይላሉ... ይቆማሉ... ደግሞ ከፍ። ልክ ሰው ሲያወራ።

እኔ ምንም አልሰማም። እሳቸው ግን አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ፈገግ አሉ።

"እትዬ... እንውጣ..."

"ዝም በል" አሉኝ በሹክሹክታ። "እያወራኝ ነው።"

እህ... እህ... እያሉ አዳመጡት። ቀስ በቀስ ፈገግታቸው ጠፋ። ዞረው አዩኝ።

"ልጄ... ብርዱ ገደለኝ ይላል። የት ነው የጣልከው?"

ምነው ያኔ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! ሌላ ውሸት ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። አፍሬ ዋጥኩት።

"ቆሻሻ ውስጥ" አልኩ።

አልሰደቡኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ብድግ ብለው ሹራባቸውን አወለቁና ባዶውን ቴፕ አለበሱት። ጠርዙን እንደ ልጅ ብርድ ልብስ ጠቀጠቁለት። ከዚያ በሩን ቀስ ብለው ዘግተው ሄዱ።

ቀና ብዬ ለማየት አፈርኩ። ብዙ ቆየሁ...

ሳይ፣ ሹራቡ ቀስ እያለ ይነፋል... ደግሞ ይሟሽሻል... ይነፋል...

የተኛ ሰው ደረት ላይ እንዳለ ሁሉ።