ሁለት አፍንጫ፣ አንድ ቱቦ

ነርስ ቲያሚኬ ያለ ቀናቸው የተወለዱ ሕፃናት በሚተኙበት ክፍል ወለል ላይ በግንባሯ ተደፍታለች። አናቷ ተፈርክሷል። ደሙ በአልጋዎቹ ሥር አልፎ እስከ በሩ ወርዷል። የማሽን ጠጋኙ የሄስቲንግስ የብረት መፍቻ ፀጉር እንደያዘ አጠገቧ ወድቋል። በቱቦ ወደ ሕፃን አፍንጫ አየር የሚገፋው የመተንፈሻ ማሽን የውሃ ጠርሙስ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ይንተከተካል።

ኢንስፔክተር ኤሉቤ ቺርዋ ስትደርስ የሆስፒታሉ ግቢ ሁለተኛ ሬሳ ሊጨምር ምንም አልቀረውም። አስታማሚዎቹ የአንዱን ሕፃን አያት እማማ ናጋማን ማንጎው ሥር ጥለው ንሲማ በሚሉት የበቆሎ ገንፎ ማማሰያ ይቀጠቅጧቸዋል። አንድ ክንዳቸው ተሰብሯል። ኢንስፔክተሯ ወደ ሰማይ ተኮሰች።

«ማነው እናንተን ዳኛ ያደረጋችሁ?»

«ገዳይ ናት!» አለች አንዷ። «‹ይሄ ቱቦ ነፍስ ይመጥጣል› ስትል አልነበረም? ትናንት ከልጅ ልጇ አፍንጫ ላይ ነቅላዋለች። ልብሷን እይው፣ ደም በደም!»

እማማ ናጋማ ጥርሳቸውን ነከሱ። «አዎ ነቅያለሁ። ልጄ በወሊድ ሞተችብኝ፤ የቀረኝ ይሄ የልጅ ልጄ ብቻ ነው። ቱቦ የገባለት ሁሉ ሲሞት ነው ያየሁት፣ ፈራሁ። ቲያሚኬ ግን አልጮኸችብኝም፤ እጄን ይዛ ደረቱ ሲረጋጋ አሳየችኝ። ዛሬ ንሲማዬን አማስዬ ስመለስ ወድቃ አገኘኋት። አቅፌ አነሳኋት፣ ጮህኩ።»

«ማን መጣ?»

«ዶክተሩ። ከመድኃኒት ክፍሉ ሮጦ መጣ።»

ሄስቲንግስ ላብ አጥምቆታል። «መፍቻዬን የሕፃናቱ ክፍል መስኮት ላይ ነው የምተወው፣ ሁሉም ያውቃል። እኔ ገበያ ዓሣ እየበላሁ ነበር።»

«ማን አየህ?»

«ግማሹ ከተማ! ዓሣ ሻጯ በቦርጬ ስትቀልድ ያልሳቀብኝ የለም።»

የቀረው ዶክተር ኩምዌንዳ ነው። ሆስፒታሉ በሙሉ ያከብረዋል። ማሽኑ አንድ ብቻ ሲሆን ሁለተኛው አልጋ ላይ የተኛችው የራሱ ልጅ ናት። እሱ ግን በሰው ሁሉ ፊት «የናጋማ የልጅ ልጅ ይብሳል፣ የኔዋ ተራዋን ትጠብቅ» ብሎ ነበር።

«ልጅዎ ማሽኑ ላይ ሆና አታውቅም?» አለችው ኢንስፔክተሯ።

«በፍጹም። ለራሴ ልጅ አላዳላም።»

ኤሉቤ ሁለቱ አልጋዎች ላይ አጎንብሳ ብዙ ቆየች። ከዚያ አልጋው ሥር ተንበርክካ ከደሙ መሃል አንዲት ትንሽ ነገር አነሳችና ሁሉንም ጠራች።

«እማማ ናጋማ ቱቦውን ሊነቅሉ ሲሉ ገደሉ አላችሁ። ሰው እስከ መግደል የደረሰ፣ ቱቦውን እንደተሰካ ትቶት ይሄዳል?»

ወደ መጀመሪያው አልጋ ተጠጋች።

«አሁን የልጁን አፍንጫ እዩት። የቱቦው ጫፍ ጎማ ተልቆበት ቆዳው ተወጥሮ ነጥቷል። ቲያሚኬ ለዚህ ሚጢጢ ይህን ትልቅ ጎማ አታደርግም። የሱ ልክ ይኸው፣ አልጋው ሥር አገኘሁት። ስለዚህ አንድ ሰው ቱቦውን ከልጁ ነቅሎ፣ ጎማውን ቀይሮ፣ ከሱ የሚተልቅ ሕፃን ላይ ሰክቶታል። ኮቴ ሲሰማ በጥድፊያ መልሶታል፤ ጎማውን ለመቀየር ግን ጊዜ አላገኘም።»

ወደ ሁለተኛው አልጋ ዞረች።

«ይህች ማሽኑን አታውቀውም ተባልኩ። ታዲያ አፍንጫዋ ዙሪያ ያለው ቀይ ምልክት ምንድን ነው፣ ዶክተር?»

ኩምዌንዳ ተወርውሮ የኢንስፔክተሯን ጉሮሮ ያዘ። ኤሉቤ በጉልበቷ ሆዱን መትታ ከግድግዳው ጋር አላተመችው። አፍንጫው ደማ። እጁን ወደ ኋላ ጠምዝዛ በካቴና አሰረችው።

«የልጄ ከንፈር ኩል መስሎ ነበር!» ብሎ ጮኸ። «ቲያሚኬን ለመንኳት። ‹ተራዋ አልደረሰም፣ አንተው ነህ ያልከው› አለችኝ። የራሴን ቃል መልሳ እኔኑ! ልገፋት ብቻ ነበር ያሰብኩት።»

«በመፍቻ ነው የሚገፋው? ደጋግመህ?»

ወዲያው የዶክተሩ ልጅ ማቃሰት ጀመረች። በእያንዳንዱ ትንፋሽ የጎድን አጥንቷ ሥር ወደ ውስጥ ይሰረጎዳል። ሄስቲንግስ ወደ ማሽኑ እጁን ዘርግቶ ተወው። እማማ ናጋማ በደህናው ክንዳቸው የልጅ ልጃቸውን ከለሉ። ኤሉቤ ይህን የሚዳኝ ሌላ ሐኪም በአካባቢው እንደሌለ አወቀች።

እስረኛውን ወደ አልጋዎቹ ገፋችው። «እዚህ ሐኪሙ አንተ ነህ። ቱቦው ለማን ይገባል?»

ኩምዌንዳ የወንዱን ሕፃን ደረት አየ፤ ጥፍሩን አየ። ከዚያ የራሱን ልጅ ለረጅም ጊዜ አየ።

«ለወንዱ» አለ። «ትንሹን ጎማ አድርጉለት።»

ፖሊሶቹ ሲያስወጡት ወደ ሁለተኛው አልጋ ዞሮ አላየም።