የተገለበጠው ኮሌታ

ሬዲዮ የሚሏት የዴስክ ጓደኛዋ ስድስተኛውን ቃል ስታነብ ኮማ እጇ ላይ ያለውን ወረቀት አየች። ስድስተኛው ያው ነው። ሰባተኛውም ያው። ሬዲዮ ሰሌዳው ፊት ቆማ የምታነበው፣ ትናንት «ላንቺ ብቻ ነው የሠራሁት፤ የኔ ሌላ ነው» ብላ የሰጠቻትን ዝርዝር ነው፤ ከነተራው፣ ከነምሳሌው።

የእንግሊዝኛው መምህር ለየዴስኩ አንዳንድ ቃል አድለው ነበር። ለነሱ ዴስክ የደረሰው «ቼንጅ» ነው፤ መለወጥ። ትርጉሙንና ተመሳሳዮቹን እያንዳንዱ ለየብቻው አዘጋጅቶ ያስረዳል። ደንቡ አጭር ነው፤ ሁለት አንድ ዓይነት ሥራ ከተገኘ ለሁለቱም ዜሮ። ኮማ ከሃያው ነጥብ ቢያንስ አሥር ካላገኘች እንግሊዝኛን አታልፍም።

ኮማ የተባለችው ስታነብ፣ ነጠላ ሰረዝ ያለ ይመስል፣ በየቃሉ ስለምትቆም ነው። ስሙን ያወጡላት ያምና አስተማሪዋ ናቸው። አስተማሪ ስም አውጥቶ ይሄዳል፤ ተሸካሚው ሌላ ነው። ሬዲዮ ግን ስሟን ያገኘችው በራሷ ጥረት ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ አትዘጋም።

ሬዲዮ ጨርሳ ስትቀመጥ የምሳ ደወል ተደወለ።

«ከምሳ መልስ አንቺ ነሽ» አሉ መምህሩ ወደ ኮማ እየጠቆሙ።

በር ላይ ሬዲዮ ክንዷን ያዘቻት። «ስሚኝማ። ሁለት ልሠራ ነበር፣ እውነቴን ነው። እንቅልፍ ጣለኝ። ያንቺ ተራ ነገ መስሎኝ፣ ማታ ሌላ እሠራልሻለሁ ብዬ ነበር።»

«ታዲያ የኔ ሌላ ነው ለምን አልሽ?»

«ቃል ገብቼልሽ፣ ምን ልበልሽ?» ትንሽ አሰበችና፣ «ከታች ወደ ላይ አንብቢው። አይነቁም።»

ኮማ ክንዷን አስለቅቃ ሄደች። የሬዲዮን ሥራ ብታነብ ዜሮ ነው። ብትናገርባትም ሁለቱም ዜሮ ናቸው። የምትለው ሳይኖራት ብትቆምም ያው ዜሮ።

የአባቷ ሱቅ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ናት፤ አንድ መስኮት፣ አንድ የስፌት መኪና፣ እስከ ወገብ የሚደርስ የልብስ ክምር። አባቷ አዲስ ልብስ አይሰፋም፤ የተሰፋውን ነው የሚያስተካክለው። ዲግሪያቸውን ግድግዳ ላይ የሰቀሉ ሰዎች «ትንሽ ነገር ናት» እያሉ ይመጡበታል። «ትንሽ ነገር ናት» ተብሎ የመጣ ልብስ ግን ትንሽ ሆኖ አያውቅም።

«ምነው፣ ፊትሽ ያልተተኮሰ ሸሚዝ መሰለ?» አላት።

ሁሉንም ነገረችው። አባቷ ክሩን በጥርሱ በጠሰ።

«አራተኛ ክፍል እያለሁ አንዱ አስተማሪ ሰው ፊት አቁሞ ‹አንተ ከመርፌ አታልፍም› ብሎኛል። ሲሞት ቀብሩ አልሄድኩም። ስለዚህ እንግሊዝኛውን ከኔ አትጠብቂ። መለወጥ ግን የኔ ሥራ ነው። የትኛውን መለወጥ ነው የጠየቁሽ?»

«ዓይነት አለው እንዴ አባዬ?»

አባቷ ከክምሩ አንድ ሱሪ ሳበ። «የዚህ ሰውዬ ሆድ ጠፋ፤ ወገቡን አጠበብኩለት። ሱሪው ያው ሱሪው ነው። ይሄኛው ዚፑ ሞቷል፤ አውጥቼ ሌላ አስገባሁ፣ ሌላው ቦታ አልተነካም። ይህቺ ደግሞ ካፖርት ነበረች፤ አሁን የልጅ ጉርድ ናት። ካፖርት ነበርኩ ብትልሽ አታምኛትም። ሦስቱንም ለወጥኩ ትያለሽ፤ አንድ ነው ካልሽ ግን የእጄን ድካም አላየሽም።»

ኮማ ወረቀቱን አወጣች። አድጀስት። ሪፕሌስ። ኮንቨርት። ቃሎቹ እዚያው ነበሩ፤ ትናንት ሸመደደቻቸው እንጂ አልተዋወቀቻቸውም።

«ይሄስ?» አለች ጭኑ ላይ ያለውን ሸሚዝ እያሳየች።

«ኮሌታው መታጠፊያው ላይ አልቋል። ፈትቼ እገለብጠዋለሁ፤ ያልተነካው ጎን ወደ ውጭ ይወጣል። አልጨመርኩ፣ አልቀነስኩ። ባለቤቱ ሌላ ዓመት ይለብሰዋል። የምገለብጠውን ኮሌታ ሁሉ ጫፉ ላይ ሁለት ጊዜ መልሼ እሰፋለሁ፤ የኔን ሥራ የማውቀው በሷ ነው።»

«የማን ነው?»

«እሱ አይነገርም። ሰው ኮሌታ ሲያመጣ ገመናውን ነው የሚያመጣው።»

ኮማ ለመጨረሻው ዓይነት ከወረቀቱ ቃል ፈለገች። የለም።

ከምሳ መልስ ቦርሳዋን በራሷና በሬዲዮ መካከል አስቀመጠችና ወደ ሰሌዳው ወጣች።

«ወረቀትሽስ?» አሉ መምህሩ።

«የለኝም ቲቸር።»

«እንግዲያው የጽሑፉ አምስት ነጥብ ቀረብሽ።»

«እሺ።»



ኮማ ጀመረች። እንደ ልማዷ በየቃሉ ቆመች፤ ዛሬ ግን የቆመችበት ሁሉ ዕቃ ነበረው። አድጀስት ብላ ወገቧን ጨበጠች። ሪፕሌስ ብላ ዚፕ ነቅላ ዚፕ ተከለች። ኮንቨርት ላይ ካፖርቷን ስታመጣ ክፍሉ ሳቀ፤ በሷ ላይ ግን አልነበረም።

«አንድ ግን ቃል ያጣሁለት አለ» አለች። «ያለቀ ኮሌታ ይፈታል፣ ይገለበጣል፣ ተመልሶ ይሰፋል። ያው ኮሌታ ነው፤ ግን ያው አይደለም።»

የመምህሩ እጅ ወደ አንገታቸው ሄደ። ኮማ ሁለት እርምጃ ያህል ራቅ ብላ ነው የቆመችው። በጣቶቻቸው መሃል የኮሌታው ጫፍ ታየ፤ ሁለት ጊዜ ተመልሶ የተሰፋ።

«የማን ኮሌታ ነው?» አለ አንዱ ከኋላ።

ኮማ ዓይኗን ከመምህሩ አንስታ ወደ መስኮቱ ወሰደች።

«እሱ አይነገርም» አለች።

መምህሩ እጃቸውን አወረዱ። «ለሱ ቃል እኔም የለኝም፤ እፈልጋለሁ» አሉ። መዝገቡ ላይ ጻፉ። «አሥራ ሦስት። ተቀመጪ።»

ኮማ ወደ ዴስኳ ተመለሰች። 

«ለምን አልተናገርሽብኝም?» አለች ሬዲዮ በሹክሹክታ።

ኮማ ወረቀቱን ከኪሷ አውጥታ በዴስኩ ላይ ወደሷ ገፋችው። «ያንቺ ነው። ከዛሬ በኋላ ለየብቻ ነው የምንሠራው።»

«ተጣላን ማለት ነው?»

መምህሩ የሚቀጥለውን ዴስክ ጠሩ። ኮማ ቦርሳዋን ከመካከላቸው አነሳችና እግሯ ሥር አስቀመጠችው።