ከመስታወቱ ማዶ ያለው ወንበር

ዶክተር ሀዲስ ከሬሳው አጠገብ ተነሥቶ ጓንቱን አወለቀ። ዝናቡ የስቱዲዮውን ቆርቆሮ ጣሪያ ይደበድበው ስለነበር ለመደማመጥ ድምፅ ከፍ ማድረግ ያስፈልግ ነበር።

«ኢንስፔክተር፣ አንድ ያልገባኝ ነገር አለ።»

«ልስማው።»

«ይህ ሰው የጠዋቱ ፕሮግራም ሲያልቅ በሕይወት አልነበረም። ሰውነቱ ቀዝቅዟል፤ መንጋጋውም መድረቅ ጀምሯል። ግንባሩ ላይ ያለው ቁስል የሚገድል አይደለም። ልቡ ይመስለኛል፤ እሱን ግን ምርመራው ይንገረን። የሞተው ፕሮግራሙ ከማለቁ ብዙ ቀደም ብሎ ነው።»

ኢንስፔክተር ሰገነት ወደ ሬሳው ጎንበስ አለች። ዜና አንባቢውን ጋሽ አካሉን በመልክ ባታውቀውም በድምፁ ታውቀዋለች። የባሕር ዳር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ልጅ ሆና ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ ጀምሮ በዳርቻ ሬዲዮ የጠዋት ዜናና የቀብር ማስታወቂያ የሚያነበው እሱ ነበር።

«ዛሬ ጠዋት ወደ ሥራ ስገባ መኪና ውስጥ ሰምቼዋለሁ እኮ» አለች። «ይፋግ ላይ የሚፈጸም ቀብር እያነበበ ነበር።»

«እኔም ሰምቻለሁ። ያልገባኝም ይኸው ነው።»

ሰገነት ዙሪያውን ቃኘች። አካሉ ከጠረጴዛው ሥር፣ ወደ በሩ ዞሮ ነው የወደቀው። የጠረጴዛው ማዕዘን ላይ ጥቂት ደም አለ። የማይኩ ማብሪያ ወደ ላይ ተነሥቷል። ከፊት ለፊት ሰፊ መስታወት አለ። ከመስታወቱ ማዶ ያለው የቴክኒሻን ክፍል ተቆልፏል፤ ወንበሩም አቧራ ለብሷል።

ሥራ አስኪያጁ ሕዝቅኤል በቢሮው ተቀበላት። ከአዲስ አበባ ከመጣ ብዙ ያልቆየ፣ ሸሚዙን በጥንቃቄ የተኮሰ ሰው ነው።

«የባልደረባቸው የክንዱ ሥራ ነው» አለ ገና ሳትቀመጥ። «ጋሽ አካሉ ፕሮግራሙን እስኪጨርሱ ደህና ነበሩ፤ ሁላችንም ሰምተናቸዋል። ከዚያ በኋላ ስቱዲዮ የገባው ክንዱ ብቻ ነው። ትናንት ደግሞ በሠራተኛው ሁሉ ፊት ተጣልተዋል።»

«በምን ተጣሉ?»

«በአዲሱ አሠራር። የጋሽ አካሉን ድምፅ ቀርጸን ኮምፒውተር አስተማርነው። የተጻፈለትን ሁሉ በእሳቸው ድምፅ ያነባል። የቀንና የማታ ዜናውን አሁን እሱ ነው የሚሠራው። ክንዱን ከዜና አንባቢነት አንሥቼ ወደ ማኅበራዊ ሚዲያ ክፍል አዛወርኩት። ጠዋቱን ግን ጋሽ አካሉ አቅም እስካላቸው ድረስ በቀጥታ እንዲይዙት ተውኩላቸው።»

«አቅም ሲያጡስ?»

«እሱንም ኮምፒውተሩ ይወስደዋል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ኢንስፔክተር፣ እኔ ሰው ማባረር የምወድ አይደለሁም። ማስታወቂያው ሁሉ ወደ ስልክ ሄዷል። እንዲህ ባላደርግ ጣቢያው ተዘግቶ ነበር።»

«ከመስታወቱ ማዶ ይቀመጥ የነበረው ሰውስ?»

«ቴክኒሻኑ? ቀርቷል። አሁን ሊድያ የምትባል ልጅ ከቤቷ ሆና ሁሉንም በስልኳ ትቆጣጠረዋለች።»

ክንዱ በኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ በሁለት ፖሊሶች መካከል ተቀምጧል። ጎልማሳ ነው፤ ከንፈሩ ደርቋል።

«ትናንት ምን አሉት?»

«‹ድምፅህን ሰጥተህ የእኛን ጉሮሮ ዘጋህ› አልሁት። ማለቱን ብያለሁ፤ እጄን ግን አላነሣሁበትም።»

«ዛሬ ሲደርሱ ምን አገኙ?»

«ቀዩ መብራት በርቷል፤ ከዚህ ከስፒከሩ ድምፁ ይሰማል። ቀጥሎ ለማኅበራዊ ሚዲያው የምቀርጸው እዚያው ስለሆነ መብራቱ እስኪጠፋ ጠበቅሁ። ሲጠፋ ገባሁ፤ ወድቆ አገኘሁት።»

«መብራቱ በርቶ መግባት አይቻልም?»

ክንዱ በሐዘን ፈገግ አለ። «እርስዎ ሬዲዮ ቤት ሠርተው አያውቁም። ያ መብራት ሲበራ እንኳን መግባት ማሳልም ነውር ነው። አንድ ጊዜ ቁልፍ ረስቼ ብከፍት አካሉ ስንት ቀን አኮረፈኝ! ‹ቤቱ እየነደደ ቢሆን እንኳ መብራቱ ሳይጠፋ እንዳትከፍት› አለኝ።»

«ስልካችሁንስ ይዛችሁ ትገባላችሁ?»

«የለም፤ ማይኩን ይረብሻል። እዚያ መደርደሪያ ላይ ነው የምንተወው። የእሱም እዚያው ነው ያለው።»

«እዚህ ተቀምጠው ሲጠብቁ ከውስጥ ምንም አልሰሙም?»

ክንዱ ጣቶቹን ተመለከተ። «የሰማሁት ዝናብ ነው» አለ።

በር ጠባቂው ገብረ ኪዳን ትንሽ ሬዲዮውን በፌስታል ጠቅልሎ በመጠለያው ተቀምጧል።

«ጋሽ አካሉ ገና ጎሕ ሲቀድ መጡ። ብቻቸውን ነበሩ፤ ደረታቸውን ያዝ አድርገዋል። ‹ምነው ጋሼ?› ብላቸው ‹ብርዱ ነው› አሉኝ። አቶ ክንዱ የመጡት በኋላ ነው፤ የቀብር ማስታወቂያ እየተነበበ።»

«በመካከል ሌላ ሰው ገብቷል?»

«በዚህ ዶፍ ማን ይገባል፣ እመቤቴ? እኔም ሬዲዮኔን ይዤ ተኮራምቼ ነው የዋልሁት። ጥርት ብሎ ነበር የሚሰማው ዛሬስ! ሌላ ጊዜ ዝናብ ሲመጣ ከዜናው ይልቅ ቆርቆሮው ነው የሚሰማ። ልጄ ‹ዛሬ ዜናውን ያነበበው ዝናቡ ነው› እያለች ትስቅብናለች።»

ሰገነት ቀና ብላ የስቱዲዮውን ጣሪያ አየችው።

ሊድያ ስትመጣ ፀጉሯ ውኃ ያንጠባጥብ ነበር። ስልኳን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛዋለች።

«ዛሬ እረፍት ላይ ነበርኩ» አለች። «ጋሼ በቀጥታ ስለነበሩ እኔ ሥራ አልነበረኝም። ተኝቼ እያለሁ አቶ ሕዝቅኤል ደወሉልኝ።»

«ትቀርቢያቸው ነበር?»

«ሥራ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ‹ልጄ› ነው የሚሉኝ። አባት የሚባል ሌላ አላውቅም።» ፊቷን አዞረች። «ጋሽ ክንዱን ሊያስሯቸው ነው?»

«የሚያስጥላቸው ካልተገኘ ይታሰራሉ።»

ሊድያ ስልኳን ይበልጥ ወደ ደረቷ አስጠጋች።

የአካሉ ባለቤት ወይዘሮ ፅጌ ማርያም ሽምብጥ ሰፈር ባለው ቤታቸው ከጎረቤቶች መካከል ተቀምጠዋል። አላለቀሱም። ሰገነትን እጇን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጧት።

«ሰማሁት እኮ ልጄ» አሉ። «ጠዋት ሬዲዮኑ አጠገብ ነበርሁ። ‹መስኮታችሁን ክፈቱ፤ ጣና ላይ ፀሐይ ወጥታለች› አለ፣ እንደ ሁልጊዜው። ያ ሁሉ ዶፍ እየወረደ! ብቻዬን ሳቅሁ። እኔን ሊያስቀኝ ብሎ ነው። ሌላው ሁሉ ቢቀርብኝ ይህ አለኝ፤ ሳይሰናበተኝ አልሄደም።»

ሰገነት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች። «ያማቸው ነበር?»

«ደረቱን። ዋንዛዬ ፍል ውኃ ወስጄው ነበር፤ ምንም አልፈየደው። አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ ትንፋሹ ይቆረጣል። መሥሪያ ቤት ከሰሙ ያስወጡኛል ብሎ ለሰው እንዳልናገር ለመነኝ።»

ሰገነት መኪናዋ ውስጥ ገብታ ሞተሩን ሳታስነሣ ቆየች። ነገሩ አሁን ገብቷታል። ክንዱን ነፃ ለማውጣት ለእኚህ ሴት የቀረላቸውን አንድ ነገር መንጠቅ አለባት። ሌላ መንገድ ፈለገች፤ አጣች።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አባርቶ ሁሉም ስቱዲዮው ውስጥ ተሰበሰቡ። ወይዘሮ ፅጌ ማርያም ቢከለከሉም «የሞተበትን ቤት ልየው» ብለው መጥተዋል። ወንበር ተሰጣቸው። ሌሎቹ ቆሙ።

«ከሐኪሙ ልጀምር» አለች ሰገነት። «ሐኪሙ ‹ፕሮግራሙ ሲያልቅ ይህ ሰው ከሞተ ቆይቷል› ይላል። ከተማው ደግሞ ‹እስከ መጨረሻው ሲያነብ ሰምተነዋል› ይላል። ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ የሚችሉት የሰማነው ጋሽ አካሉን ካልሆነ ብቻ ነው።»

«ድምፃቸው ነው እኮ!» አለ ሕዝቅኤል።

«ድምፃቸው ነው። ግን በዚህ ቤት ሲዘንብ እኔና ሐኪሙ እንኳ እየጮህን ነበር ያወራነው። ዛሬ ከንጋት ጀምሮ ዘንቧል፤ ሬዲዮው ላይ ግን አንዲት ጠብታ አልተሰማችም። በር ጠባቂው ጥርት ብሎ ነበር አለኝ፤ እኔም ራሴ ሰምቼዋለሁ፤ አላስተዋልሁም እንጂ። ያ ድምፅ በዚህ ማይክ አላለፈም።»

ክንዱ ቀስ ብሎ ቀና አለ።

«ሁለተኛ፣ አንባቢው በዶፍ ውስጥ ፀሐይ ወጥታለች አለን። ይህን የጻፈ ሰው ዛሬ በመስኮት አላየም፤ ጽሑፉ የትናንት ነው። እንግዲህ ያነበበው ኮምፒውተሩ ነው። ኮምፒውተሩን ከቤቱ ሆኖ ማስጀመር የሚችል ደግሞ አንድ ሰው ብቻ አለ።»

ሊድያ እንባዋ ወረደ። «አስምለውኝ ነበር» አለች። «ትናንት ሥራ ሲያልቅ ጠሩኝ። ‹ልጄ፣ ለነገ ትንፋሽ የለኝም። ሕዝቅኤል ከሰማኝ በዚያው ያሰናብተኛል። አንቺ በማሽኑ አስጀምሪልኝ፤ እኔ ማይኩ ፊት እቀመጣለሁ፣ ማንም አያውቅም› አሉኝ። ሰላምታውን የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ ሁልጊዜ የሚሉት ስለሆነ። ጠዋት አስጀመርኩና ተመልሼ ተኛሁ።»

«ክንዱ ሲያዝስ ለምን ዝም አልሽ?»

«ቢታወቅ ስማቸው ይጠፋል ብዬ። የሞቱት ፕሮግራሙ ካለቀ በኋላ መስሎኝ፤ እኔ የጎዳኋቸው አልመሰለኝም።»

ሰገነት ወደ ማይኩ ዞረች። ከዚያ ቀስ ብላ ጠየቀች። «ኮምፒውተሩ መስመሩን ሲይዝ ቀዩ መብራት ይበራል?»

«ራሱ ያበራዋል። ሲጨርስም ያጠፋዋል።»

«እዚህ ያለ ሰው በዚያን ጊዜ ማይኩን ቢከፍትስ? ይሰማል?»

«አይሰማም። በአዲሱ አሠራር ኮምፒውተሩ...» ሊድያ ማብሪያውን አየችው። አሁንም ወደ ላይ እንደተነሣ ነው። «ማን ከፈተው?» አለች በሹክሹክታ።

«እሳቸው» አለች ሰገነት። «ልባቸውን ሲጨብጣቸው ማይኩን ከፈቱ። ስልካቸው ውጭ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚያውቁት ማይክ ከተከፈተ ሰው እንደሚሰማ ነው፤ ኮምፒውተሩ መስመሩን ሲይዝ ማይኩን እንደሚዘጋው የነገራቸው የለም። ስለዚህ ከተማው ይሰማኛል ብለው ተጣሩ። መልስ ሲያጡ ወደ በሩ ሊሄዱ ተነሡ፤ ወደቁ፤ ግንባራቸው ጠረጴዛውን መታው። የመታቸው ሰው የለም።»

ወይዘሮ ፅጌ ማርያም ነጠላቸውን ጨብጠዋል። «እኔ ሬዲዮኑ አጠገብ ነበርሁ» አሉ።

«አዎ፣ እትዬ።»

«እሱ ሲጣራ እኔ እስቅ ነበር።»

 ክንዱ ግንቡን ተደግፎ ቁጢጥ አለ።

«መንኳኳት ሰምቼ ነበር» አለ። «ከታች፣ ከወለሉ በኩል። እጄ እጀታው ላይ ደርሶ ነበር። መብራቱ በርቷል፤ ድምፁም ከላዬ እያነበበ ነው። ወንበር ገፍቶ ይሆናል ብዬ ተመለስሁና ተቀመጥሁ። እሱ ራሱ እንዳትከፍት ብሎኝ...» መጨረስ አቃተው።

ሕዝቅኤል ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲያው ወንጀል የለም ማለት ነው።»

«ገዳይ የለም» አለች ሰገነት። «ግን ድሮ ከዚህ መስታወት ማዶ ሰው ይቀመጥ ነበር፤ ሥራው ቁልፍ መንካት ብቻ አልነበረም። የአንባቢውን ፊት ያይ ነበር። ይህን በዘገባዬ እጽፈዋለሁ፤ የሕግ አንቀጽ አገኝለት እንደሆነ ግን አላውቅም።»

 ሕዝቅኤል ከመስታወቱ ማዶ ያለውን ባዶ ወንበር አየ።

«ያ ድምፅ አሁንም አለ?» ብለው ወይዘሮ ፅጌ ማርያም ሊድያን ጠየቋት።

«አለ፣ እትዬ።»

«ስሜን ጥራ ቢሉት ይጠራል?»

«ይጠራል። የተጻፈለትን ሁሉ ይላል።»

ወይዘሮ ፅጌ ማርያም ብዙ አሰቡ። ሊድያ ምን እንደሚጠይቋት ፈራች።

«ልጅ ሆኜ ነው ያገባኝ» አሉ በመጨረሻ። «አንድ ቀን እንኳ በል ያልሁትን ብሎልኝ አያውቅም።» ከንፈራቸው ለፈገግታ ተንቀሳቀሰ፤ ፈገግታው ግን አልመጣም። «አጥፊው።»

«እትዬ፣ ከጠፋ አይመለስም። ቅጂ የለውም።»

«አጥፊው አልሁሽ።»

ሊድያ ወደ ሕዝቅኤል አየች፤ ያለ እሱ የይለፍ ቃል አይጠፋም። ሕዝቅኤል «የጣቢያው ንብረት...» ብሎ ጀመረና ወደ ሰገነት ዞረ።

«የጠዋቱን ሥርጭት ለመዝገቡ ወስጃለሁ» አለች። «ይህኛው ለእኔ አያስፈልገኝም።»

ሕዝቅኤል የሊድያን ስልክ ተቀብሎ በአውራ ጣቱ ጻፈና ማንንም ሳያይ መለሰላት። ሊድያ ስክሪኑን ነካችው።

«ጠፋ?»

«ጠፋ።»

ወይዘሮ ፅጌ ማርያም ከጠዋት ጀምሮ የያዙትን ልቅሶ ለቀቁት። ሊድያ ተንበርክካ እጃቸውን ያዘች። እሳቸው እጇን አልጨበጡትም፤ የራሳቸውንም አላስለቀቁም።