ለ፣ ለጭንቅ

ይሄነውን የሰደበው አጎቱ አድማሴ ነው። የሰደበውም መስከረም ሃያ አንድ፣ የማርያም ዕለት፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው ጨፌ ላይ፣ ነጭ የለበሰ ሕዝብ ከቦ እያየ ነው። ቃሉም ይህ ነው፤ አንዲት ፊደል አልተጨመረበትም፦

«በሰው እንጀራ የሚያድግ ልጅ እጁ አያርፍም። ነካክቶ አበላሸብኝ።»

ይህን ሲል አዲሷ መኪናው እስከ ሆዷ ረግረጉ ውስጥ ተቀምጣለች። አድማሴ መሪውን እንደያዘ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ነው የተናገረው። ይሄነው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ፣ ሁለት እጁን የኋላው በር ላይ እንደተከለ ቀረ። እየገፋ ነበር። ሰው እየገፋ ይሰደባል? እሱ ተሰደበ።

ተራ ስድብ ቢሆን ባለፈ ነበር። ይሄኛው ግን አጥንት ነው የሚሰብረው። በይሄነው እናት መንደር ያለው ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል ላይ ያበቃል። ስለዚህ ልጁ ካለፈው ዓመት ጀምሮ መካነ ሰላም ከተማ፣ አጎቱ ቤት ተቀምጦ ይማራል። ሲቀመጥ ደግሞ እግሩን ዘርግቶ አይደለም። ውሃ ይቀዳል፣ መጋዘን ይጠርጋል፣ በገበያ ቀን ጆንያ ተሸክሞ ጀርባው ይላጣል። እንጀራው የሰው ከሆነ፣ ላቡስ የማን ነበር? ይህን የሚጠይቅ የለም። ድሃ ዘመድ የበላው እንጂ የሠራው አይታይም።

የመኪናዋም ነገር ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። አድማሴ እህል ነጋዴ ነው፤ ዕድሜውን አሮጌ ፒካፕ ሲነዳ ኖሯል። የአሮጌዋ ነገር ግልጽ ነበር። ጭቃ ሲመጣ ከማርሿ አጠገብ ያለችውን አጭር ዘንግ ይጎትታል፣ የፊቱም ጎማ አብሮ ይሠራል፣ አለቀ። በነሐሴ መጨረሻ የገዛት አዲሷ ግን ዘንግ የላትም። በዘንጉ ፈንታ እንደ ሬዲዮ ድምፅ መጨመሪያ የምትሽከረከር ክብ ቁልፍ አላት። በዙሪያዋ ቁጥርና የፈረንጅ ፊደል ተጽፎባታል፦ ሁለት ኤች፣ አራት ኤች፣ አራት ኤል።

አድማሴ ከቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ሳይደግም የወጣ ሰው ነው። አማርኛ ያነባል፤ የፈረንጅ ፊደል ሲያይ ግን ዓይኑ ይሸሻል። ጎረቤት እንዳያይ የግቢውን በር አዘግቶ ይሄነውን ጋቢና ውስጥ አስቀመጠው፤ «እስቲ ይቺን ነገር ምን እንደምትል አንብብልኝ» አለው።

ይሄነው ከመኪናዋ ጋር የመጣውን መጽሐፍ ከፍቶ እየተንተባተበ አነበበ። ከዚያ አጎቱ የሚይዝበትን ዘዴ ሲያስብ መጣለት።

«ጋሼ፣ ኤች ማለት የኛዋ ሀ ናት። ኤል ደግሞ ለ። ሀ፣ ሀገር ሰላም ሲሆን። ለ፣ ለጭንቅ።»

አድማሴ ሳቀ። እውነትም ደስ ብሎት ነበር፤ የልጁን ትከሻ መታ መታ አደረገ። ባለ ሁለቷ ሀ ለደረቅ መንገድ፣ ባለ አራቷ ሀ ለኮረኮንች፣ ባለ አራቷ ለ ለጭቃና ለዳገት እንደሆነች ይሄነው ደጋግሞ አስረዳው። ለ ላይ ለማስገባት ደግሞ መኪናዋ መቆም አለባት፤ ፍሪሲዮን ተረግጦ፣ ማርሹ ባዶ ሆኖ፣ ያኔ ነው የምትዞረው። ሳምንት ሙሉ ከትምህርት ቤት መልስ ግቢ ውስጥ ይህን ሲለማመዱ ከረሙ። አድማሴ ይረሳል፣ ይቆጣል፣ እንደገና ይጠይቃል።

በቅዳሜው ገበያ፣ ነጋዴዎች መኪናዋን ከበው ሲያደንቁ፣ አድማሴ ፈረንጅ የሠራትን እኔው ራሴ መርምሬ ለመድኳት ብሎ አወራላቸው። ይሄነው አጠገቡ ጆንያ ተሸክሞ ቆሞ ነበር። የክፍል ጓደኛው ደሳለው ግን ሰምቶ ሲያበቃ ወደ ጎን ጎተተው።

«ሙድ እየያዘብህ እኮ ነው። ለምን እኛ ጋ አትመጣም? ፍራሽ አለ። ስንቅህን ብቻ ይዘህ ና።»

ደሳለው ከሌሎች ሁለት የገጠር ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ነው የሚማረው። ይሄነው በሳቅ አለፈው። የወንድሟን ቤት ትቶ ወጣ ሲባል እናቱ የምትሆነውን ያውቃል።

እንግዲህ ማርያም ስትደርስ አድማሴ አዲሷን መኪና ለአገሩ ሰው ሊያሳይ ይሄነውን ይዞ ወደ እህቱ መንደር ተነሳ። ሀሊማም አብራ ሄደች። ሀሊማ እህል እየሰበሰበች ለአድማሴ የምታስረክብ፣ አፏ የማያርፍ ሴት ናት፤ እስላም ክርስቲያኑ በዓል የሚጠራራበት አገር ስለሆነ የይሄነው እናት ሸዋረግ ጠርታት ነበር። ሲሄዱ በደረቁ መንገድ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ዞረው ገቡ። ከቅዳሴ በኋላ ተበላ፣ ተጠጣ። ሸዋረግ ለልጇ በሶና ቆሎ በማዳበሪያ ከረጢት አሥራ መኪናዋ ውስጥ ከኋላ አስቀመጠችለት።

ሲመለሱም በዚያው በደረቁ መንገድ መውጣት ይቻል ነበር። አድማሴ ግን ከቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ሥር የተቀመጠውን ሕዝብ አየና መሪውን ወደ ጨፌው ጠመዘዘ።

ይሄነው ከኋላ ወንበር ወደፊት ተንጠራራ። «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ይቁሙና ለ ላይ ያድርጓት።»

«ፊደል ስትቆጥር ከለ ትጀምራለህ? የምትቀድመው ሀ ናት።»

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የፊደል ተራ አይደለም።»

«ማርሽስ? ጉልበቱ ያለው አንደኛው ላይ አይደል? ሀ አንደኛ፣ ለ ሁለተኛ። ደሞ አንተ ልታስተምረኝ ነው?»

«አድማሴ፣ ልጁን ብትሰማው ምናለ» አለች ሀሊማ ከፊት ወንበር። «ጭቃው እንደሆን ሀሁ አልቆጠረም።»

አድማሴ ነዳጁን ረገጠው። መኪናዋ በሀ እየበረረች ጨፌው መሃል ደረሰች። እዚያ ስትደርስ ጎማዎቿ እየተንሸራተቱ በባዶ ይዞሩ ጀመር፤ በዞሩ ቁጥር ቆፈሩ፣ በቆፈሩ ቁጥር ሰመጠች። ይሄነው ወርዶ ጀርባዋን ይገፋ ጀመር። ሕዝቡ ከዛፉ ሥር ተነስቶ ወረደ። ከፊት የመጡት መሪጌታ ገብረ ኢየሱስ ነበሩ፤ አድማሴን በልጅነቱ ሀሁ ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው።

«አድማሴ፣ አዲስ አይደለችም እንዴ? ምን ነካት?» አሉ።

የአድማሴ ፊት ጠቆረ። «ማን ነካት ይበሉኝ እንጂ መሪጌታ» አለ። ያን ቃል የተናገረው ይሄኔ ነው።

አንድ ሰው ሳቀ። ሌላው ልጅ አይታመንም አለ። ይሄነው በሩን እንደያዘ ቀና አለ። ያቺን ቁልፍ ግቢ ውስጥ፣ እሱው አጎቱ አዞ፣ እሱው አጎቱ ለምኖ ካልሆነ መቼ ነክቷት ያውቃል? ሰው አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይመታል ሲባል ይሰማ ነበር፤ ዳውላው ያመው እንደሆነ የጠየቀ ግን የለም።

«ወላሂ፣ እኔ ልጁ ሲነካ አላየሁም» አለች ሀሊማ በቀስታ። አድማሴ ዞሮ አያት። ሻሿን አስተካከለችና ጭቃውን ማየት ጀመረች። ነገ እህሏን የሚረከባት እሱ ነው።

ሸዋረግ ነጠላዋን እየሰበሰበች በሰው መሃል መጣች። የልጇን ክንድ ያዘች።

«ይሄነው፣ አጥፍቻለሁ በል። ምላስህ አይቆረጥም።»

«አልነካሁም እኮ እማ።»

«አውቃለሁ» አለች።

ከስድቡ ይልቅ ይቺ ቃል ባሰችበት። እያወቀች ነው የምትለው።

አድማሴ ከመስኮቱ ሆኖ ይጠብቃል። «ይቅርታ በልና ግፋ። አለዚያ ዛሬ ቤቴ አትገባም» አለው።

መልሱ ይሄነው አፍ ውስጥ ነበር። መሪጌታ እዚህ ቆመዋል። ሀ ከለ ትቀድማለች ብሎ ነው ያሰመጣት ቢል፣ ያስቆጠሩት መሪጌታ ራሳቸው መጀመሪያ ይስቃሉ፤ ሕዝቡ ይንከባለላል። «አድማሴ ሀሁ» የሚለው ስም በማግስቱ መካነ ሰላም ይደርሳል፣ በሳምንቱ አጅባር ገበያ ይሰማል፣ እስከ መቃብሩም አይለቀው። ቃሉ ጥርሱ ድረስ መጣ። ከዚያ እናቱን አያት። አድማሴ ወንድሟ ነው፤ ሳቁ እሷም ላይ ያርፋል። ዋጠው።

አጥፍቻለሁ የሚለውንም ሞከረው። እሱ ደግሞ ከሆዱ ጭራሽ አልወጣም።

እጁን ከመኪናዋ አነሳ። ጭቃውን በሣር ጠረገ። የኋላውን በር ከፍቶ የስንቁን ከረጢት አወጣና ትከሻው ላይ ጣለው።

«ወዴት ነው?» አለች እናቱ።

«ደሳለው ጋ። ነገ ትምህርት አለኝ።» ጎንበስ ብሎ ትከሻዋን ሳመ። እሷም አልያዘችውም። ከረጢቱ እንዳይንሸራተት አፉን ጠበቅ አድርጋ አሠረችለት።

በሹፌሩ በኩል ሲያልፍ አድማሴ በመስኮቱ አጎነበሰ። መሪጌታ እንዳይሰሙት ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ይሄነው… ለ ወደ ቀኝ ናት ወደ ግራ?»

በዚያ ቀን በስሙ ሲጠራው የመጀመሪያው ነበር። ይሄነው ቆመ። ቁልፏ በመስኮቱ ውስጥ ትታየዋለች፤ አሁንም ሀ ላይ ናት። እጁን ቢሰድ ይደርስባታል። የአጎቱ ግንባር አልቦታል፤ ዓይኑ ይለምናል። ከንፈሩ ግን ይቅርታ የሚለውን ቃል አልያዘም፤ ለማለትም አላሰበም።

ይሄነው ከረጢቱን ወደ ሌላው ትከሻ አዛወረ። በቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ወደሚዞረው ደረቅ መንገድ ወጣ። ከኋላው ጎማው በባዶ ሲዞር ሰማ፤ ቆመ፤ እንደገና ዞረ።

«ይሄነው» አለ ድምፁ፣ አሁን ጮክ ብሎ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ይሄነው መራመዱን ቀጠለ። እግሩ ደረቅ መሬት ይዞ ነበር።