ጠቃጠቆ እና ሁለት ማንኪያ ወተት

ጠጋ በሉማ! ስለ አንዲት ትንሽ ሆድ ልነግራችሁ ነው።

ሆዷ የጠቃጠቆ ናት። ጠቃጠቆ እናቱ የጠፋችበት የአቦሸማኔ ግልገል ነው።

የሚኖረው የዱር እንስሳት በሚታከሙበት ግቢ ውስጥ ነው። የግቢው ሐኪም ደግሞ የትንሿ ልጅ የትርሲት እናት ናት።

እናቷ ጡጦው ውስጥ ሞቅ ያለ ውኃ አደረገች። የዱቄት ወተት ጨመረችበት፤ አንድ ማንኪያ፣ ሁለት ማንኪያ፣ በቃ!

«እንካ በይው» ብላ ጡጦውን ለትርሲት ሰጠቻትና፣ የታመመች ጦጣ ልታይ ሄደች።

ዘበኛው ጋሽ ደምሰው መጡ። ግልገሉን አይተው ከንፈራቸውን መጠጡ።

«አጥንቱ እኮ ወጣ። በሞቴ፣ አንድ ማንኪያ!» አሉ። ትርሲት አንድ ማንኪያ ጨመረች።

ወጥ ቤት የሚሠሩት እትዬ ዝናሽም መጡ። «እንግዳ እንዲህ ይስተናገዳል? በሞቴ፣ አንድ ማንኪያ!» አሉ። ትርሲት ጨመረች።

«በሞቴ፣ አንድ ማንኪያ!» አለች ትርሲት ራሷ። ወተቱ እንደ አጥሚት ወፈረ።

ጠቃጠቆ ጠጣው። ጡጥ! ጡጥ! ጡጥ!

ከዚያስ? ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፋ። ጉርርር! ጉርርር!

ከዚያ ደግሞ… ፏ! ውኃ የመሰለ ካካ። አፍንጫችሁን ያዙ!

ጠቃጠቆ መቆም አቃተው፤ ዓይኑን ጨፈነ። ትርሲት የሚሞት መስሏት አለቀሰች።

እናቷ ሮጣ መጣች። «ስንት ማንኪያ ነው የሰጣችሁት?»

ጋሽ ደምሰው መሬት መሬት ያዩ ጀመር። እትዬ ዝናሽ ሻሻቸውን አስተካከሉ።

«አምስት» አለች ትርሲት። «እኔም ጨምሬያለሁ።»

እናቷ ለግልገሉ መድኃኒት ሰጠችው። «የአቦሸማኔ እናት በሞቴ አትልም፣ የኔ ልጅ። ይቺ ሆድ ገና ሕፃን ናት፤ ወፍራም ወተት ይከብዳታል።»

«ከዛሬ ጀምሮ ጡጦውን የምትጠብቂው አንቺ ነሽ። ሁለት ማንኪያ፣ በቃ!»

በማግስቱ ጋሽ ደምሰው መጡ። «ትርሲትዬ፣ በሞቴ፣ ግማሽ እንኳ።»

ትልቅ ሰውን እምቢ ማለት ይጨንቃል። ትርሲት ግን ጡጦውን እቅፍ አደረገች። «አይሆንም ጋሼ። ሁለት ማንኪያ፣ በቃ!»

እትዬ ዝናሽም መጡ። ማንኪያ እንዳይመስላችሁ፤ ጭልፋ ይዘው ነው የመጡት!

«አይሆንም እትዬ። ሁለት ማንኪያ፣ በቃ!»

አንድ ቀን አለፈ። ሁለት ቀን አለፈ። ጠቃጠቆ ትንሽ ትንሽ ጠጣ፤ ትርሲትም ሆዱን ቀስ አድርጋ አሸችው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ትርሲት ተጣራች። «ኑ! ኑ እዩ!»

ሁሉም ሮጠው መጡ። ምን ቢያዩ ጥሩ ነው? ካካ! ድብልብል ያለች፣ ጠንካራ፣ ቆንጆ ካካ።

እናቷ ጎንበስ ብላ አየችና «ሆዱ ድኗል» አለች።

እትዬ ዝናሽ እልልልል አሉ። ጋሽ ደምሰው ኮፍያቸውን አወለቁ። ለካካ ኮፍያ ሲወለቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ጠቃጠቆም ተነሣ። አንድ እግር፣ ሁለት እግር፣ ሦስት፣ አራት!

ሽው! ግቢውን ዞረው። ሽው! ደግሞ ዞረው። ጋሽ ደምሰው ሊይዙት ሮጡ፤ ግን ማን ሊደርስበት!

ሲደክመው ትርሲት ጭን ላይ ወጥቶ ተጠቀለለ።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ ያዳንኩት?»

«አንቺ ነሽ፣ የኔ አንበሳ» አለች እናቷ፤ ሁለቱንም አንድ ላይ አቀፈቻቸው።